ሠርግ የማይጠብቅ ሕመም

በአየር ጤና ለወላጆችና ለወጣት ሴቶች የቀረበ ዲስኩር



እናቶችን ጠይቄ ልጀምር። ሴት ልጃችሁ ባለፈው ዓመት የወር አበባ ያየችው ስንት ጊዜ ነው? የሒሳብ ውጤቷን ታውቃላችሁ፤ የጫማ ቁጥሯን ታውቃላችሁ፤ ከማን ጋር እንደምትውልም ትከታተላላችሁ። ይህን ግን አብዛኛው ቤት አያውቀውም። ልጅቷም አትናገርም። ሁለትና ሦስት ወር ሲቀርባት የሞዴሱ ወጪ ተረፈልኝ፣ ቁርጠቱም ተወኝ ብላ ዝም ትላለች። እናት ብታውቅም «ልጅ ነሽ፤ ስታገቢ ይስተካከላል» ብላ ታልፈዋለች።

ዓመታት ያልፋሉ። ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርሳለች፣ ሥራ ትይዛለች፣ ታገባለች። ልጅ ሲዘገይ አማት ማጉረምረም ይጀምራሉ፤ ጎረቤቱም «እስካሁን ምነው?» ይላል፤ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ይኬዳል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት ደግሞ የወር አበባዋ መዛባት የጀመረው መቼ እንደሆነ ነው። «ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር» ትላለች። ከመጀመሪያው ማለት ከአሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አሁን ሠላሳ ሞልቷታል። እኔን ዛሬ እዚህ ያቆሙኝ በመካከል የባከኑት እነዚያ አሥራ ስድስት ዓመታት ናቸው።

ሕመሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይባላል፤ በአጭሩ ፒሲኦኤስ። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከአሥሯ አንዷን ያህል እንደሚይዝ፣ ካለባቸውም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳያውቁት እንደሚኖሩ ይገምታል። አገራችን ውስጥ ስሙ የሚነሣው ባብዛኛው ከመካንነት ጋር ነው። እኔ ደግሞ ይህን አመለካከት እንድትለውጡ ልለምናችሁ መጥቻለሁ። ፒሲኦኤስ ከጋብቻና ከልጅ በፊት የሚጀምር፣ ሰውነት ስኳርንና ሆርሞንን የሚይዝበት መንገድ ሲዛባ የሚመጣ ሕመም ነው። ልጅ መውለድ የማታስብ ሴትም ልትታከመው ይገባል። አራት ልጅ የወለደችም ሊኖርባት ይችላል።

እስቲ አሠራሩን እንየው። ምግብ በልተን ስኳሩ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊን የጡንቻን፣ የጉበትንና የስብን በር እያንኳኳ «ስኳሩን አስገቡ» የሚል መልእክተኛ ነው። ፒሲኦኤስ ካለባቸው ሴቶች በብዙዎቹ ዘንድ የቤቱ ሰዎች ጆሮ ይከብዳል። ቆሽት ግን አይተወውም፤ ብዙ መልእክተኛ እየላከ አጥብቆ ያስንኳኳል። በዚህ ትግል የደም ስኳሯ ለዓመታት ልኩን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በተራ ምርመራ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እንቁላል የምታመርተው ኦቫሪ ጆሮዋ አለመክበዱ ነው። ለሌላው የታሰበውን ማንኳኳት ሁሉ ትሰማለች፤ ስትሰማም አንድሮጅን የሚባሉትን ሆርሞኖች፣ ከእነርሱም ቴስቶስትሮንን፣ ከልክ በላይ ታመርታለች። ጉበት በበኩሉ በኢንሱሊኑ ብዛት የተነሣ ቴስቶስትሮንን ይዞ የሚያቆየውን ፕሮቲን ይቀንሳል። በደም ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚዘዋወረው ቴስቶስትሮን በዚህ ላይ ይጨምራል።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቴስቶስትሮን በማንኛዋም ጤናማ ሴት ሰውነት ውስጥ በመጠኑ አለ። ሲበዛ ብጉርና ፀጉር ያመጣል እንጂ ማንንም ወንድ አያደርግም። ይህን የምለው ብቻዋን መስታወት ፊት ቆማ በዚህ የምትጨነቅ ልጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ መኖሯን ስለማውቅ ነው።

አንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢም ከዚህ ግርግር አታመልጥም፤ ኦቫሪን የምታዝዝበት ሆርሞን ከተለመደው በላይ ይፈጥናል። በጤናማ ወር ብዙ ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ማደግ ይጀምሩና አንዷ ቀድማ ጎልምሳ እንቁላሏን ትለቃለች። በፒሲኦኤስ ጊዜ ግን የሚጀምሩት ብዙ ናቸው፤ የምትቀድም የለችም፤ ሁሉም አንድ ሴንቲ ሜትር ሳይሞሉ ይቆማሉ። አልትራሳውንድ ላይ የሚታዩት እነዚህ ናቸው። «ኪስት ተገኘብሽ» ሲባሉ ኦፕሬሽንና ካንሰር አስበው የሚያለቅሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። የሚወጣ ዕጢ የለም። ያሉት እድገታቸውን ያልጨረሱ እንቁላሎች ናቸው።

ሳይንሱ ራሱ እዚህ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ እ.ኤ.አ. በ1721 ኦቫሪዎቿ የተለቁና ያበጣበጡ መካን ሴት መኖሯን ጽፏል። በ1935 ቺካጎ ውስጥ ኧርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የሰባት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ፤ ከኦቫሪያቸው ቁራጭ ሲወጣ የወር አበባቸው ተመለሰ፤ ከሰባቱ ሁለቱ አረገዙ። ከዚያ በኋላ የሐኪሞች ዓይን ኦቫሪ ላይ ተተክሎ ቀረ። ኢንሱሊን ጉዳዩ ውስጥ እንዳለበት የሚያሳይ ጥናት በአሜሪካ የታተመው በ1980 ነው፤ 45 ዓመት ቆይቶ። በእኛ ቤት ግን ዛሬም ከ1935 አላለፍንም፤ የምናየው ማሕፀንና ኦቫሪን ብቻ ነው።

ምልክቱን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳየው ቆዳ ነው። አገጭና ከንፈር ላይ፣ ደረትና እምብርት ሥር የሚበቅል ወፈር ያለ ጥቁር ፀጉር፣ ከጉርምስና አልፎ የማይለቅ ብጉር፣ መሐል አናት ላይ የሚሳሳ ፀጉር፣ አንገትና ብብት ላይ እንደ እድፍ የሚታይ ጥቁረት። ይህ የአንገት ጥቁረት ኢንሱሊን በደም ውስጥ መብዛቱን የሚናገር ምልክት ነው፤ ሳሙናና ሎሚ አያስለቅቁትም። ብዙዎቹ ልጆች የሚሮጡት ወደ መዋቢያ ሱቅ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት የማንጫ ቅባቶች ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ፀጉርም ይጨምራል፤ ልጅቷ ከሸሸችው ነገር ጋር እንደገና ትገናኛለች።

ለዚህ ሰፈር ሰው አለርትን አላስተዋውቅም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው ይህ ተቋም ዛሬ ከመላ አገሪቱ ለቆዳ ሕክምና የሚመጣበት ነው። በተቋሙ አካባቢ፣ በዘነበወርቅ በኩል ያደግን ሁሉ ሰው ሕመሙን በኀፍረት ሲደብቅ ምን እንደሚያጣ በዓይናችን አይተናል። ሥጋ ደዌ በጊዜው ከታከመ የሚድን ሆኖ ሳለ ጣትና ዓይን ያሳጣው አንዱ ምክንያት መደበቅ ነበር። ፒሲኦኤስ ተላላፊ አይደለም፤ አካልም አይቆርጥም። ልጆቻችን አገጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ሲሄዱ ሳይ ግን ያው ዝምታ ትዝ ይለኛል። ለፀጉርና ለብጉር የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄደች ልጅ ስለ ወር አበባዋም ትናገር፤ ሁለቱ አንድ ሕመም ሊሆኑ ይችላሉና።

አሁን ደግሞ ቁጥር። የወር አበባ በጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት መዛባት የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ከ21 ቀን ያነሰ ወይም ከ45 ቀን የበለጠ ልዩነት ካለው ያሳስባል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከ35 ቀን ማለፍ የለበትም፤ በዓመት ከስምንት ጊዜ በታች ከመጣም መታየት አለባት። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ 90 ቀን ካለፈ ወደ ሐኪም ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ካላየችም እንዲሁ። ቀኑን ስልክ ላይ ወይም ደብተር ጀርባ ላይ መጻፍ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ስለ ልጆች የሚለው አንድ ነገር ገንዘባችሁንም ያድናል። የወር አበባ ከጀመረች ስምንት ዓመት ላልሞላት ልጅ አልትራሳውንድ ለዚህ ምርመራ አይመከርም። በዚያ ዕድሜ የጤናማ ልጅ ኦቫሪም ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች ይታዩበታል። ለእርሷ የሚያስፈልገው የዑደቱ መዛባትና የአንድሮጅን መብዛት ምልክት ሁለቱም መገኘታቸው ነው። ለአዋቂ ሴት ግን ሦስት ነገር ይታያል፦ የዑደት መዛባት፣ የአንድሮጅን መብዛት፣ የኦቫሪ መልክ። ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ ይበቃል። ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአልትራሳውንድ ብቻ «አለብሽ» ከተባለች ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

የወር አበባ የቀረባት ሁሉ ፒሲኦኤስ አለባት ማለትም አይደለም። እርግዝና አለ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም አለ፤ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን መብዛት አለ፤ ምግብ በማጣት ወይም ራስን በማስራብ ከልክ በላይ መክሳት አለ። በአገራችን በብዛት የሚወሰደው የወሊድ መቆጣጠሪያ የሦስት ወር መርፌ ነው፤ እርሱ ራሱ የወር አበባን ያጠፋል፤ ካቆሙትም በኋላ ለወራት ሊያዛባ ይችላል። ፖስቲኖርም የሚቀጥለውን ወር ከቀኑ ያፋልሳል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ መጠየቅ አለበት፤ ልጅቷም እውነቱን መመለስ አለባት። እናቶቼ፣ እባካችሁን ለአምስት ደቂቃ ውጡላት። ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ተቀምጣችሁ ጠብቁ። እናቷ ፊት «አልወሰድኩም» ያለችው ልጅ ለስህተት ምርመራና ለስህተት መድኃኒት ትዳረጋለች።

ወደ አኗኗር ስመጣ አስቀድሜ የምለው አለ፤ ሕመሙን ልጅቷ አላመጣችውም። በዘር ይወርዳል፤ እናቷ ወይም እህቷ ካለባት የእርሷም ዕድል ከፍ ይላል። ቀጫጭን ሴቶችም ይይዛቸዋል። አኗኗር የሚያደርገው ያለውን ዝንባሌ ማባባስ ወይም ማስታገስ ነው። ክብደት የጨመረች ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ፣ 70 ኪሎ የምትመዝን ከሆነ ከሦስት ኪሎ ተኩል እስከ ሰባት ማለት ነው፣ ለብዙዎች እንቁላል መለቀቅና የወር አበባ መመለስ ይጀምራል። ወገቧ እንደ ሞዴል እስኪቀጥን መጠበቅ የለባትም።

ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከመጠን በላይ ወፍራም የሆኑ ሴቶች ድርሻ ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወጥቷል፤ በከተማ ደግሞ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ነበረች። በዚያው ዳሰሳ ከአምስት ሴቶች አንዷ ደግሞ ከሲታ ነበረች። ለሁሉም «ቀንሺ» ማለት አይሠራም። ከምግብ ዓይነቶችም ለፒሲኦኤስ ከሌላው ይበልጣል ተብሎ የተረጋገጠ የለም፤ ስለዚህ በቲክቶክ ለሚሸጥላችሁ ልዩ ዱቄትና ሻይ ገንዘባችሁን አትስጡ።

የእኛ ገበታ ለዚህ ሕመም ጠላት አይደለም። የጤፍ እንጀራ በምስር፣ በሽሮ፣ በጎመን፣ በአተር ክክ፤ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ሽምብራ። የጾሙ ምግብ ራሱ ሐኪም ያዘዘው ይመስላል። ችግሩ ያለው በገበታው ዙሪያ በገባው ነገር ነው። ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ እረፍት ላይ ፓስቲና ቺፕስ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ለስላሳ፣ ማታ ሩዝ ወይም ፓስታ። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻዋን 30 ግራም ገደማ አላት። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ ሦስት ሦስት ማንኪያ እያደረጋችሁ ስትጠጡ 36 ግራም ያህል ይሆናል። በጾም ጊዜ ቅቤና ሥጋ ትተን የምንሞላው በዘይት በተጠበሰ ድንችና በዳቦ ከሆነ፣ በረመዳንም ማፍጠሪያው በሳምቡሳና ስኳር በበዛበት ጁስ ከተዘጋ ልጅቷ አልተጠቀመችም። ደግሞም ድስቱ የጋራ ነው። ለእርሷ ብቻ ጎመን፣ ለወንድሟ ሩዝ በሥጋ ሲቀርብ ምግቡ ቅጣት ይሆንባታል። የቤቱ ሁሉ ስኳር ይቀነስ፤ አባትየውንም ለደም ግፊቱና ለስኳሩ ይጠቅመዋል።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ የምለው አለኝ፤ በዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የአዋቂዎቹ ነውና። በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ከሆኑ ሴቶች 85 በመቶው፣ ከወንዶች ደግሞ 78 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም። ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ስትዘል የነበረች ልጅ ጡት ስታወጣ «ተሰብሰቢ» ትባላለች። ወንድሟ በዚያው ሜዳ ላይ ኳሱን ይቀጥላል። እርሷ ከትምህርት ቤት መልስ ወጥ ትሠራለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ከዚያ ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ልሩጥ ብትል ከአስፋልቱ እስከ ሰፈሯ ያለው ለከፋ ያስመልሳታል። ለአዋቂ ሴት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ለልጅ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል። ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን የሚያስገባው ኢንሱሊን ባያንኳኳም ጭምር ነው፤ ኪሎዋ ባይቀንስ እንኳ ታተርፋለች። አንድ ወይም ሁለት ታክሲ ማቆሚያ ቀድሞ ወርዶ መሄድ፣ ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል፣ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ቀን ከእናት ጋር አብሮ መውጣት ይቻላል። የሰፈራችን ወጣት ወንዶች ደግሞ ልጅ ስትሮጥ ዝም ብላችሁ አሳልፏት። ከእናንተ የምጠይቀው የሕክምና እርዳታ ይኼው ነው።

እንቅልፍም አለ። ሌሊቱን ስልክ ላይ የምታነጋ ልጅ ሰውነቷ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። ስድብም አለ። «አበጥሽ»፣ «ጢም አወጣሽ» የሚለው የቤት ውስጥ ቀልድ ቀላል አይደለም። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ድብርትና ጭንቀት ከሌሎች ሴቶች በበለጠ ያጠቃቸዋል፤ ፈገግታዋ የጠፋ ልጅ ስታዩ ጸበል መውሰዳችሁን አልከለክልም፤ ሐኪምም ጨምሩላት።

መድኃኒት። ለልጃገረድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ነው፤ ሕዝቡ ፒልስ የሚለው። እናት ቦርሳዋ ውስጥ ታገኘዋለች፤ ቤቱ ይታወካል። ታሪኩ ይህ ነው፦ እንቁላል በማይለቀቅበት ጊዜ የማሕፀን ግድግዳ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ብቻ እያገኘ ይወፍራል፤ ሳይረግፍ ለወራት ይቆይና አንድ ቀን በከባድ መድማት ይወርዳል፤ ለዓመታት እንዲህ ከሄደ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ዕድሉን ከፍ ያደርጋል። እንክብሉ ግድግዳውን በየወሩ ያረግፋል፤ አንድሮጅኑንም ቀንሶ ብጉሩንና ፀጉሩን ያስታግሳል። ለደም ግፊት፣ ለማይግሬን ወይም ለደም መርጋት ለተጋለጠች ላይስማማ ስለሚችል በሐኪም ይታዘዝ እንጂ ልጅቷን አያመክንም፤ ስለ ጠባይዋም የሚናገረው ነገር የለም። የስኳር መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ሲታዘዝም «ልጄ ስኳር የለባትም» ብላችሁ አትመልሱት። መድኃኒቱ የከበደውን ጆሮ ለማቅለል ነው።

ሕመሙ ካልተያዘ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በወጣትነት ሊመጣ ይችላል፤ ደም ግፊትና የደም ስብም ሊከተሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሕመሙ በምርመራ የተረጋገጠባት ሴት የደም ስኳሯን በየጊዜው፣ በተለይም ከማርገዟ በፊት ትለካ። በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ ስኳርና ግፊትም የተጋለጠች ስለሆነች ክትትሉን ከመጀመሪያው ወር ትጀምር።

መውለድንስ? ፒሲኦኤስ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ይወልዳሉ። እንቁላል የሚለቀቀው አልፎ አልፎ ስለሆነ ይዘገያል እንጂ በሩ አልተዘጋም። ስለዚህም «እኔ አላረግዝም» ብላ የምትዘናጋ ልጅ ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። የዘገየባት ባለትዳር መጀመሪያ የሚሰጣት ሌትሮዞል የሚባል እንክብል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና 750 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ከቀድሞው ክሎሚፊን ይልቅ ብዙ ሴቶች በእርሱ እንደወለዱ አሳይቷል፤ 27.5 በመቶ ከ19.1 በመቶ ጋር። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልጋት በኮልፌ በኩል ቅርባችን በሆነው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የመካንነት ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የነበረውን ትብብር ካጠናከሩት አንዷ የሆኑት ዶክተር ሰናይት ፍስሐ በዚሁ በሥነ ተዋልዶ ሆርሞን ሕክምና የሠለጠኑ ኢትዮጵያዊት ናቸው። እዚህ ለተቀመጣችሁ ሳይንስ ለምትወዱ ልጆች ይህ የሙያ መስክ ሰው ይፈልጋል።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ያለፉትን ስድስት ወራት የወር አበባ ቀኖች ጻፉና ያዙ፤ የምትወስዱትን መድኃኒትና ቅባት ሁሉ፣ መርፌም ከሆነ፣ አብራችሁ ንገሩ፤ በቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ጥቀሱ፤ ደም ግፊት፣ ክብደትና የወገብ ልክ እንዲለካላችሁ ጠይቁ። አሁን በወንበራችሁ ላይ ያገኛችሁትን ባዶ ወረቀት አውጡ። ጥያቄያችሁን ጻፉበት፤ ስም አትጻፉ። እናቶች ለብቻ፣ ልጆች ለብቻ እንሰብስበው፤ አባቶችና ወንድሞችም የመጠየቅ ተራ አላችሁ። ከልጆቹ እጀምራለሁ።